ማጉላትና ማየት

ለመሆኑ አጉልቶ ማየት ሁልጊዜ አጥርቶ ማየት ነውን? በጋምቤላ ሰማይ ሥር ቴሌስኮፕ የሚተክል ሰው ይህን ጥያቄ በየሌሊቱ መመለስ ግድ ይለዋል።

ቴሌስኮፕ የሚያጎላበት መጠን የሚለወጠው ዓይናችንን በምናስጠጋባት ትንሽ ሌንስ ነው። የመሣሪያው የትኩረት ርቀት 1200 ሚ.ሜ. ቢሆን፣ ባለ 30 ሚ.ሜ. የዓይን ሌንስ 40 ጊዜ፣ ባለ 6 ሚ.ሜ. ደግሞ 200 ጊዜ ታጎላለች። የሳተርንን ቀለበት ለማየት ባለ 6ቷ ትመረጣለች፤ ፕላኔት ለዓይን ትንሽ ብትሆንም ብሩህ ናትና ማጉላቱን ትችለዋለች። ኔቡላ፣ ማለትም በከዋክብት መካከል የተንሰራፋው የጋዝና የአቧራ ደመና፣ እንዲህ አይደለም። ከአውሮፓ የማይታየው፣ ከጋምቤላ ግን በደቡብ አድማስ በኩል ብቅ የሚለው የካሪና ኔቡላ ለዓይን ከሙሉ ጨረቃ እጅግ ይሰፋል። 200 ጊዜ ካጎላነው ብርሃኑ ይሳሳል፤ ዳርቻውም ከዓይናችን ይወጣል። ለእርሱ የምትስማማው ባለ 30ዋ ናት።

ሰውን ስንመለከትስ? እኔ እንደሚመስለኝ ግለሰብ እንደ ፕላኔት ነው፤ ቀርበን ስሙን፣ ሥራውንና ጠባዩን ልንመረምር ይገባል። ሕዝብ ግን እንደ ኔቡላ ሰፊ ነው፤ በአንድ ጥጉ አይታወቅም። ችግሩ ሌንሶቹን እያቀያየርን መያዛችን ነው።

በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ጋምቤላ አጠገብ በመኪና ይጓዙ የነበሩ ስምንት ሰዎች ማንነታቸው ባልታወቀ ታጣቂዎች ተገደሉ። ወዲያው በከተማዋ ብዙ አኝዋኮች በአኝዋክነታቸው ብቻ ተገደሉ፤ ቤቶችም ተቃጠሉ። የጥቂቶች እጅ የሠራው ሕዝብን እስኪሸፍን ጎላ፤ የእያንዳንዱ ሟች ፊት ደግሞ በጅምላ ስም ደበዘዘ።

«ታዲያ አስፍቶ ማየት የጥፋተኛ መሸሸጊያ አይሆንምን?» የሚል ይኖራል። አይሆንም። ጥፋት የሚሠራው ሰው ነውና ባለ 6ቷን በእርሱ ላይ እናንሳ፤ ማን፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ እንደሠራው አንድ በአንድ ይጣራ። ስለ ወገኑ ለመናገር ስንነሣ ግን ባለ 30ዋን እንመልስ።

በሌንስ ምርጫ የተሳሳተ ሰው ኔቡላውን አይጎዳውም፤ ነገ ማታ ተመልሶ ያየዋል። በሰው ላይ የተሳሳተ ግን፣ ነገ ተመልሶ የሚያየው ላያገኝ ይችላል።