እጅ የማይደርስበት ጆንያ



ደባርቅ ወይም ዳባት ገበያ ገብስ የሚገዛ ሰው ላይ ላዩን አይቶ አይከፍልም፤ እጁን ወደ ጆንያው ሰዶ ከሥር ዘግኖ ያያል። ረሱላችንም (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ጣታቸውን እርጥበት ነካው። ነጋዴው «ዝናብ መታው» ቢላቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው እንዳልሆነም ነገሩት። ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል።

ዛሬ በቴሌግራም ስንሸጥ ገዢው የሚያየው ፎቶ ነው፤ ብሩንም በቴሌብር አስቀድሞ ይልካል። እጁ ጆንያው ውስጥ አይደርስም። እንግዲህ እርጥቡን ከላይ ማድረግ የኛ አማና ነው፦ የዕቃውን ጉድለት ፎቶ አንስተን እንለጥፍ፣ ዋጋውን በግልጽ እንጻፍ፣ ቅር ብሎት ሲደውል ስልኩን እናንሳ። ገዢው ባያየን አላህ ያየናል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግዳችንን በረካ ያድርግልን። አሚን! ጁሙዓ ሙባረክ!