ከዋንዛው ሥር

አንድ መምህር ሁለት ተማሪዎቻቸውን ጠርተው ለእያንዳንዳቸው ስልክ ሰጧቸውና «ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ግቡ፤ ያያችሁትን አምጡልኝ» አሏቸው።

ልጁ እየሮጠ ገባ። ስልኩን ቅጠል ላይ ሲደግን የተክሉ ስም ይወጣለታል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ብሳና እያለ ረጅም ዝርዝር ይዞ ተመለሰ።

ልጅቷ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ቆየች። ግንዱንና ቅጠሉን አነሣች፤ ስሙንም አገኘች። ከዚያ ጎንበስ ብላ መሬቱን ማየት ጀመረች። ቢጫው ፍሬ ረግፎ ተበትኗል፤ ቡቃያ ግን አይታይም። ፈልጋ ፈልጋ አንድ ችግኝ አገኘች፤ ጫፉ ተግጧል፣ አጠገቡ የከብት ኮቴ ታትሟል። እሱንም አነሣችው።

መምህሩ የልጁን ዝርዝር አንብበው «ጎሽ» አሉት። የልጅቷን ፎቶ ግን ለቄሰ ገበዙ ወሰዱት። «አባ፣ ይህ ዋንዛ የወደቀ ቀን የሚተካው የለም» አሏቸው። ቄሰ ገበዙ ምእመኑን ሰበሰቡ፤ ደኑ በድንጋይ ካብ ታጠረ።

ካቡ ተረት አይደለም። በደቡብ ጎንደር ከብት ችግኝ እንዳይግጥና እንዳይረግጥ ደናቸውን በድንጋይ ያጠሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ስልኩም እንዲሁ፤ «ሲክ» የተባለው ነፃ መተግበሪያ ኔትወርክ በሌለበትም ካሜራው ያየውን ተክልና ነፍሳት ለመለየት ይሞክራል። «አይናቹራሊስት» በተባለው ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ተማሪ ቦታና ቀን ያለው ፎቶ ሲያስገባ ሌሎች አይተው ያርሙታል ወይም ይስማሙበታል፤ የተስማሙበት መረጃ ተመራማሪዎች እጅ ይደርሳል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለሳይንስ የሚጠቅም ሥራ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

ስም ግን መነሻ ነው። እንዶድን ልብስ የሚያጥብበት ሁሉ በስሙ ያውቀው ነበር። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየና ለምን ሞቱ ብሎ ጠየቀ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነው፤ እንዶድ እንደሚገድለው የታወቀውም ከዚያ ጥያቄ ተነሥቶ ነው።

የባዮሎጂ መምህራን ሆይ፣ ለአንድ ቡድን አንድ ስልክ ይበቃል። ተማሪዎቹን ይዛችሁ ውጡ፤ ማርክ ስትሰጡም ከስሙ በኋላ ለመጣው ጥያቄ አብልጡ።