መጤው ማነው?

አንዲት ጢንዚዛ አለች፤ ርዝመቷ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሳይንስ ሊቶካሪስ ኒግሪሴፕስ ይላታል፤ ኒግሪሴፕስ በላቲን «ራሰ ጥቁር» ማለት ነው። ጠንካራው የላይኛው ክንፏ እንደ አጭር ሰደርያ ከጀርባዋ ግማሽ ሳይደርስ ስለሚቀር መብረር የማትችል ትመስላለች። ከሰደርያው ሥር ግን ረጅም ስስ ክንፍ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ጀርመናዊው ጉስታቭ ክራትዝ ይህችን ጢንዚዛ በ1859 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃት ከሴሎን፣ ከዛሬዋ ስሪላንካ፣ በተገኘ ናሙና ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ተገኘች፤ ሰሜን አሜሪካም ደረሰች። የምትኖረው የት ነው ቢሉ፣ በሚበሰብስ ሣርና በፍግ ክምር ውስጥ።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄያችን። በነፍሳት መዝገብ ከስሟ ጎን «መጤ» ተብሎ ይጻፍባታል። ምን አድርጋ? መርከቡን የሠራ ሰው፣ ዕቃውን የጫነ ሰው፣ ክምሩንም የከመረ ሰው! ለመሆኑ የፍግ ክምር ነባር ባለርስት ማነው?

ይህን ስንከራከር አንድ ጓደኛችን እምቦጭን አነሳብን። እውነቱን ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው አረም ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጣናን ወሮ ዓሣ አጥማጁን መፈናፈኛ አሳጥቶታል፤ ይነቀል እንላለን። ግን የምንነቅለው ሐይቁን ስላፈነ ነው ወይስ ከሩቅ ስለመጣ? ከሩቅ መምጣት ወንጀል ከሆነማ ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ ይመሰክርበታል፤ ከአውስትራሊያ መጥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ተተከለ፣ ዛሬ ቤት እንሠራበታለን እንጂ አገርህ ግባ አንለውም። (ውሃ ይመጣል የሚለው ክስ ሌላ ነው፤ እሱ ስለ ሥራው ነው።) በርበሬም እኮ ከአሜሪካ ነው የመጣ። እስቲ ያለ በርበሬ ዶሮ ወጥ ይታሰባችሁ!

የሚያስፈራን ቃሉ ከአረም አልፎ ሰው ላይ ሲያርፍ ነው። አረም እንኳ ምን አጠፋ ተብሎ ይጠየቅለታል። መጤ የተባለ ሰው ግን ከየት መጣህ ይባላል እንጂ ምን ሠራህ የሚለው የለም። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አርሶ፣ አባቱን እዚያው ቀብሮም ቢሆን ያው ነው።

እኛስ? አንድ ምሽት ዶርም ውስጥ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ለመጣ አዲስ ተማሪ ይህንኑ ቃል በቀልድ ወረወርንለት። አብሮን ሳቀ። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ሌላ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አየነው፤ ከመሃላችን ተነሥቶ የጠራው ሰው አልነበረም።