የቆሰለችውን ወደ ማደሪያው ማድረስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀውን ሰው ታሪክ ሁላችን እናውቃለን (ሉቃ. 10፥30-37)። ካህኑ አይቶ አለፈ፤ ሌዋዊውም አይቶ አለፈ። ሳምራዊው ግን ቀርቦ ቁስሉን አሰረ፤ ከራሱ አህያ ላይ አወጣው፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ አደረሰው፤ ሁለት ዲናርም ከፈለለት። ምሕረቱ በማዘን ብቻ አልተፈጸመም፤ መጓጓዣ፣ ማደሪያና ገንዘብ አስፈልጎታል።

ዛሬ ይህን ወንጌል የምናነሣው በመንገድ ሳይሆን በገዛ ቤታቸው ስለሚቆስሉት ነው። በአገር ቤት ጩኸት የሰማ ጎረቤት «ኧረ በሕግ!» እያለ ይደርስ ነበር። እዚህ በሳድል ሪጅ ቤቶቹ ተጠጋግተው ቢሠሩም በክረምቱ ብርድ በሩ ሁሉ ይዘጋል፤ እናት የለች፣ እኅት የለች፣ ሮጠው የሚገቡበት የዘመድ ደጅ የለም። ነገር ግን ይህን የሰው አገር ያመጣብን ደዌ ነው እንዳንል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 34 በመቶ ያህሉ ከትዳር ጓደኛቸው ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለው ክፉ ተረትም ከእኛው ጋር ባሕር ተሻግሯል።

ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አላስተማረችም። ሐዋርያው ጳውሎስ ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን በወደደበት መጠን እንዲወድድ አዝዟል (ኤፌ. 5፥25)፤ ያ ፍቅር ራሱን አሳልፎ የሰጠ እንጂ ሌላውን ያደማ አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስም ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል ያስጠነቅቃል (1ኛ ጴጥ. 3፥7)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንደኛ ቆሮንቶስ ትርጓሜው፣ በ26ኛው ድርሳን፣ ሚስትን ለመምታት የሚያበቃ ጥፋት ፈጽሞ እንደሌለ፣ መምታትም ለመቺው ታላቅ ውርደት እንደ ሆነ ይናገራል።

«ቻይው፤ መስቀልሽ ነው» የሚሉ አሉ። መስቀል ግን በፈቃድ የሚሸከሙት እንጂ በሌላው ጡጫ የሚጫን አይደለም። በጽጌ ወራት የእመቤታችንን ስደት እናስባለን። መልአኩ ለዮሴፍ የነገረው ሄሮድስን ታግሦ እንዲቀመጥ ሳይሆን ሕፃኑንና እናቱን ይዞ እንዲሸሽ ነው (ማቴ. 2፥13)። እንግዲህ ነፍስንና ልጆችን ለማዳን መሸሽ የእምነት ጉድለት አይደለም። ትዳርንም ያፈረሰው እጁን ያነሣው እንጂ የሸሸችው አይደለችም።

ማደሪያው ወዴት ነው? ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን 911 ይደወላል። ምክርና መጠለያ ለማግኘት በአልበርታ የቤተሰብ ጥቃት መረጃ መስመር 310-1818 ቀንና ሌሊት ክፍት ነው፤ በአስተርጓሚ ከ170 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይመልሳል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የአውራጃው ሕግ መሠረት፣ አጥቂው ባልተገኘበትም ቢሆን በፖሊስ በኩል የአስቸኳይ ጥበቃ ትእዛዝ ማግኘት ይቻላል፤ ትእዛዙ አጥቂውን ከቤት ሊያስወጣ ይችላል፤ በ9 የሥራ ቀናት ውስጥም ዳኛ ያየዋል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ጥቃት የደረሰባት ተከራይ አስፈላጊውን ማረጋገጫ አቅርባ የቤት ኪራይ ውሏን ያለ ቅጣት ማቋረጥ ትችላለች።

ብዙዎችን አፋቸውን የሚያስይዘው «ወረቀትሽን አስነጥቅሻለሁ» የሚለው ዛቻ ነው። ቋሚ ነዋሪ የሆነች ሴት ከሚያጠቃት ባሏ በመለየቷ ብቻ ፈቃዷን አታጣም። በ2012 ወጥቶ የነበረው፣ አንዳንድ ባለትዳሮች ሁለት ዓመት አብረው እንዲኖሩ የሚያስገድደው ደንብ በ2017 ተሽሯል። ገና ቋሚ ነዋሪነት ላላገኙና ኑሯቸው በአጥቂው ላይ ለተንጠለጠለም ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚጠየቅ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ አለ።

እኛ ካህናትና ሽማግሌዎች በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አለን። የምትሰቃይ ሴት ከፖሊስ አስቀድማ ወደ ንስሐ አባቷ ትመጣለችና። በ2020 በለንደን ሶአስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ድልድል» የተሰኘ ፕሮጀክት ከቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ጋር ሆኖ በአገር ቤት ካህናትን በዚህ ጉዳይ ማሠልጠኑ ይህን ያመለክታል። ስለዚህ ለብቻዋ እንስማት፤ ልጇን አስተርጓሚ አናድርግ፤ የነገረችንን ለባሏ አናድርስ። ዱላ ባለበት ቤት ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ማስታረቅ ሽምግልና አይባልም፤ በጉባኤው የተናገረችውን ማታ በቤቷ ታወራርደዋለችና። ዕርቅ የሚመጣው ሥጋት ሲወገድና ንስሐ በሥራ ሲታይ ነው።

እጅህን ያነሣህ ወንድማችን ሆይ፤ የንስሐ በር ለአንተም አልተዘጋም። ነገር ግን ንስሐ አበባ ይዞ መመለስ ሳይሆን ጥፋትን ሳይሸፍኑ ማመን፣ ወደ ንስሐ አባት መቅረብ፣ የምክር አገልግሎት መቀበልና እርሷ ባትመለስም እንኳ ፍርዱን በትዕግሥት መሸከም ነው።

ምእመናን ሆይ፤ ገመናን መክተት በጎ ነው፤ ቁስልን መክተት ግን ማመርቀዝ ነው። አንዱ መኪና ይኑረው፣ አንዲቱ ትርፍ አልጋ፣ ሌላው ሁለቱ ዲናር። ሳምራዊው ተመልሶ እንደሚመጣ ለባለቤቱ ቃል እንደ ገባ፣ እኛም እኅታችንን መጠለያ ካደረስን በኋላ አንርሳት፤ በሰንበት ወንበሯ ባዶ ሲሆን እንጠይቅ፤ ስትመለስ በሹክሹክታ ሳይሆን በክብር እንቀበላት።

የተገፉትን የሚያሳርፍ አምላካችን ቤቶቻችንን በሰላሙ ይጎብኝ፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።