ሳንከራከር ታረቅን

ወንድሜና እኔ የተጣላነው በሲኖዶስ ነው። በ1984 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ በሕይወት እያሉ አቡነ ጳውሎስ በቦታቸው መሾማቸውን እኔ የቀኖና መፍረስ ነው አልኩ፤ ከስደተኛው ሲኖዶስ ጋር ቆምኩ። እሱ ከአገር ቤቱ ጋር ጸና። ነገሩ ከርሮ ለልጄ ክርስትና እንኳ ሳይመጣ ቀረ።

ሽማግሎች ገቡ። ሚኒሶታ፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ እኔው ሳሎን ተቀምጠው፣ ምን እንዳጣላን ሳይጠይቁ «ለእኛ ስትሉ ይቅር ተባባሉ» አሉን። ወንድሜ አንድ ነገር ሊናገር ሲጀምር ታላቁ ሽማግሌ እጃቸውን አንስተው «ያለፈ አይነሣም» አሉት። ጉልበት ስመን ተነሣን። ወንድሜ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፈ። ሊናገር የነበረው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሁለቱ ሲኖዶሶች ዋሽንግተን ላይ ታረቁ። ውግዘቱ ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ የአገር ቤቱ ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲቀጥሉ ተስማሙ። አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ። ማታውን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኛን ወንድማማቾቹን ያለያየን ጥያቄ ተመለሰ ወይስ ታለፈ?

ጥያቄን ማለፍ ገና በልጅነቴ የተማርኩት ነው። ሕፃን ሳለሁ የቄስ ትምህርት ቤት መምህሬን «ለምን?» ባልኩ ቁጥር ኩርኩም ነበር መልሱ። ታላቅ ሲናገር ዝም በል ተባልኩ፤ ቤትም፣ ደጀ ሰላምም። ዛሬም ያናድደኛል። ምክንያቱም ዝም ያሰኘኝ ያው አገር በላ ልበልሃን የወለደ አገር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርቡበት፣ በቅሎና ማር ይወራረዱበት፣ ነገርን በግጥም አሳምረው ይሟገቱበት የነበረ አገር። ጠብ መሃል እንኳ «በሕግ አምላክ» ያለን ሰው ሰምቶ ይቆም፣ መንገደኛ አስቁሞ ዳኘን ይል የነበረ ሕዝብ፣ ከገዛ ወንድሙ ጋር ሲሆን ለምን አፉን ይዘጋል?

ክርክር ነገርን እንደሚያጠራ አልጠራጠርም፤ እዚያ ላይ አልቆይም። የሚነዘንዘኝ ሌላ ነው። ሸንጎ ላይ ዳኛ አለ። ቤት ውስጥ ግን ታላቁ ተሟጋችም ዳኛም ነው፤ እኔ ደግሞ ታላቅየው ነኝ። በዚያ ላይ ምላሴ ፈጣን ነው፤ ወንድሜ ቃል እየመረጠ፣ እያሰበ የሚናገር ሰው ነበር። ያን ቀን ሽማግሌው ባይከለክሉት ገና ሁለት ቃል ሳይናገር እመልስለት ነበር። ይረታ ነበር፤ እውነቱ ከእሱ ጋር ቢሆን እንኳ ይረታ ነበር። ከታረቅን በኋላ አብረን የገደፍናቸው ፋሲካዎችስ? ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ የዶሮውን ፈረሰኛ ለልጄ ሲያጎርስ አየዋለሁ። ይህን የሰጡኝ እነዚያው የምወቅሳቸው ሽማግሎች ናቸው። ክርክሩን አሸንፌ ይህን ባጣ ኖሮስ? ለዚህ መልስ ፈልጌ ብዙ ሌሊት ሚሲሲፒ ዳር፣ በ1895 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሮክ አይላንድ ድልድይ ቅሪት ላይ ተመላልሻለሁ። ብርዱ መለሰኝ እንጂ መልስ አላገኘሁም።

በዚህ መካከል ልጄ ከኢንቨር ሂልስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንድ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ያላመነችበትን ወገን ይዛ እንድትሟገት ታዝዛለች። «አባዬ፣ አጎቴ ምን ነበር የሚለው?» አለችኝ። በጩኸታችን መሃል የሰማሁትን ለቃቅሜ ነገርኳት፦ መንጋ ያለ እረኛ አያድርም፤ መንበሩ ያለው አገር ቤት ነው፤ አባቶች ቢሳሳቱ ልጆች ቤት አይከፍሉም። እሷ ስትጽፍ እኔ እየጨመርኩ ሄድኩ። ሳላስበው የወንድሜ ነገረ ፈጅ ሆኜ አረፍኩት። ድሮስ አንደበት ያጠረው ሰው በነገረ ፈጅ ይሟገት አልነበር?

አሁንም ቀኖናው ፈርሷል ባይ ነኝ። የእሱ ክርክር ግን እንደዚያ ምሽት ከብዶኝ አያውቅም። ምናልባት ቤት ውስጥ መከራከር የሚቻለው አስቀድሞ የሌላውን ነገር ከራሱ አሳምሮ መናገር የቻለ ሰው ሲኖር ብቻ ይሆናል፤ ሁለቱም በሕይወት እያሉ፣ ደማቸው እየፈላ፣ ይህ ይቻል እንደሆነ ግን መማል አልችልም። ሽማግሎቹ ልክ ነበሩ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የወንድሜ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ ያለፈውን አነሣበታለሁ፤ የአባቱን ክርክር እነግረዋለሁ፤ የእኔንም ቀጥዬ። ቅር የሚለው ሽማግሌ ካለ ይምጣና፣ በዚህ ጊዜ ግን ጠይቆ ይስማን።