ምልክትና ኅሊና

የሰው ልጅ ፊደል ከመቅረጹ በፊት ምልክት ነበረው። የተቆለለ ድንጋይ ድንበርን ያመለክታል፤ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ደግሞ በዚያ ቤት ለሽያጭ የደረሰ ጠላ መኖሩን ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል። ምልክት ከጌጥ የሚለየው ቃል በመሆኑ ነው። ቃል እስከ ሆነም ድረስ ተናጋሪና ሰሚ አለው፤ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆንም ይችላል። ከዚህ አኳያ ሲታይ ምልክትን የመንደፍ ሥራ ከእጅ ጥበብነቱ ባሻገር የሥነ ምግባር ጥያቄን ያዘለ ነው። ጥያቄው ስለ ሐውልትና ስለ አደባባይ ሥዕል ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ስለ መጠጥ ቤት ታፔላ ግን እምብዛም አይነሣም። ይሁንና ሐውልቱን ለመጎብኘት የሚሄደው ጥቂት ሰው ሲሆን፣ ታፔላውን ግን መንገደኛው ሁሉ ወደደም ጠላም በየዕለቱ ያነበዋል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አንድ የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ በአዲስ አበባ ለሚከፈት ባር ሙሉ መለያ እንዲያዘጋጅ ታዟል ተብሎ ይታሰብ። የባሩ ባለቤት የመረጠው ጭብጥ «የድሮ ጠላ ቤት» ነው። ተማሪው አርማውን፣ ታፔላውን፣ የመጠጥ ዝርዝሩን፣ የብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶኑን፣ የአስተናጋጆቹን ሽርጥና የግድግዳውን ሥዕል በአንድ መንፈስ ማስተሳሰር አለበት። በትጋት ይሠራል፤ የተደፋውን ጣሳና እንጨቱን በሦስት መስመር ብቻ አጠቃልሎ ይነድፋል፤ ቀለሙን ከጥላሸትና ከሸክላ ይወስዳል፤ ፊደሉን በቆርቆሮ ላይ በእጅ የተጻፈ ያስመስላል። መምህሩ ቅርጹን ያደንቃል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። በባሩ ውስጥ ግን የሚሸጠው ውስኪና ከባሕር ማዶ የመጣ መጠጥ ነው። የአንዱ ብርጭቆ ዋጋ አንዲት ባለ ጠላ በቀን ከምታገኘው ሊበልጥ ይችላል። እዚህ ላይ ማንም የማንንም ዕቃ አልሰረቀም። ታዲያ ኅሊናን የሚቆረቁረው ነገር ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ ያ ጣሳ ምን እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ጣሳው በእንጨት ጫፍ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ ታጥኗል፤ ገብሱ በቅሏል፤ ጌሾው ተወቅጧል፤ አሻሮው ተቆልቶ ተፈጭቷል፤ ጥንስሱ ተጥሎ፣ ድፍድፉም ተደፍድፎ ቀናት ተጠብቋል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። በከተሞችም ጠላና አረቄ መሸጥ ባል የሞተባቸው፣ ከትዳራቸው የተለያዩ ወይም ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴቶች ከሚተዳደሩባቸው ሥራዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ የተደፋው ጣሳ ያለ ፊደል የተጻፈ፣ ያልተማረውም የሚያነበው፣ የጢስና የድካም ፍሬ የሆነ ማስታወቂያ ነው። አንድም ትርፍ ነገር የለበትም። በዲዛይን ትምህርት ቤቶች ዘንድ የሚወደሰው የአገላለጽ ቁጥብነት ያላንዳች አስተማሪ በዚህ ጣሳ ላይ ተፈጽሞ ይገኛል። የተማሪው ዓይን በእርሱ ላይ ማረፉ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም።

የዚህ ምልክት ዘመድ በሩቅ አገርም ነበረ። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ኤል የተባለውን የገብስ መጠጥ በየቤታቸው የሚጠምቁት በብዛት ሴቶች ነበሩ። መጠጡ ሲደርስ በበራቸው ላይ ረጅም እንጨት ያወጡ ነበር፤ በጫፉም ቅጠል ወይም መጥረጊያ ያስሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1393 የንጉሥ ሪቻርድ ዳግማዊ መንግሥት የመጠጥ ሻጮች ምልክት እንዲያወጡ በሕግ አስገደደ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ምዕተ ዓመታት ጌሾን በሚመስለው ሆፕ የሚጠመቀው ቢራ እየተስፋፋ፣ ጠመቃው ብዙ ካፒታልና ትልልቅ ዕቃ እየጠየቀ ሲሄድ ሥራው ከሴቶቹ እጅ ወጥቶ ወደ ወንዶች ማኅበራትና ወደ ትልልቅ ጠማቂዎች ተዛወረ። በበሩ ላይ የሚወጣው ምልክት ግን ከመጥፋት ይልቅ እየተዋበ ሄደ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ምልክት ከባለቤቱ ተለይቶ ሊኖር ይችላል፤ ባለቤቱ እንጀራውን ካጣ በኋላም ምልክቱ ለሌላ ሰው እንጀራ ሊያበስል ይችላል።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ከዚህም የጠለቀ ነው። እንግሊዝ የንግድ ምልክትን በሕግ መመዝገብ ስትጀምር እ.ኤ.አ. በ1876 በመጀመሪያ የተመዘገበው የባስ ቢራ ፋብሪካ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤዱዋር ማኔ የፎሊ ቤርዤርን የመጠጥ ባንኮኒ ሲሥል ያንኑ ሦስት ማዕዘን የለጠፈ ጠርሙስ ከሻጯ ልጅ አጠገብ አኖረው። በቅጠል የታሰረው እንጨት «እዚህ መጠጥ አለ» ይል ነበር፤ ቀዩ ሦስት ማዕዘን ግን «ይህ የእኔ ነው» ይላል። የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ቋንቋ ሲሆን ሁለተኛው የግል ንብረት ነው። በኢትዮጵያም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ምልክቱን ላስመዘገበ ሰው ብቸኛ መብት ይሰጣል። የተማሪው ንድፍ በዚህ በር ሲገባ የሰፈር ሁሉ የነበረው ጣሳ የአንድ ባር መለያ ለመሆን ይነሣል። ሕጉ ምን ያህሉን እንደሚፈቅድ የሕግ ባለሙያ ጉዳይ ነው። ኅሊና የሚጠይቀው ግን ከዚያ ይቀድማል፤ የጋራ የሆነን ቃል ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ተገቢ ነውን?

ለተማሪው የሚቀርቡ ሁለት መከላከያዎች አሉ፤ ሁለቱም በቀላሉ የሚጣሉ አይደሉም። የመጀመሪያው «ባህል የሚኖረው ሲሠራበት ነው» የሚለው ነው። ጣሳው በሙዚየም መስታወት ውስጥ ከሚሞት በባር ግድግዳ ላይ ቢኖር ይሻላል ይባላል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን የጠልሰምን ዓይኖችና ሐረጎች ከብራና ወደ ሸራ ሲያሻግር ቅርሱን አበለጸገ እንጂ አልዘረፈም። ለሠዓሊ የተፈቀደ ለዲዛይነር ለምን ይከለከላል? ሁለተኛው መከላከያ ከልማድ የሚነሣ ነው። በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን የሚወጋውን ሰማዕት በጠርሙስ ላይ አኑሮ መቶ ዓመት አልፏል። ቅዱሱ ለቢራ ከዋለ ጣሳ ለባር መዋሉ ምን ያስደንቃል?

ለመጀመሪያው መከላከያ የሚሰጠው መልስ ጠልሰሙ ራሱ ውስጥ አለ። የጠልሰም ክታብ ለአንድ ለታመመ ሰው፣ በቁመቱ ልክ፣ ስሙ ተጽፎበት የሚዘጋጅ ነው። እስክንድር ከዚህ ሲወስድ እያንዳንዱን ሸራ እንደገና በራሱ እጅና በራሱ ጭንቀት ሠርቶታል፤ ተመልካቹም በሥዕሉ ፊት ቆሞ ጥያቄ ይገጥመዋል። የንግድ መለያ ግን በባሕርዩ ጥያቄን ይዘጋል። ተግባሩ መድገም ነው፤ በሺህ ካርቶን ላይ ያው ምልክት ያንኑ አንድ ነገር፣ ማለትም «ግባና ክፈል»ን ይናገራል። ስለዚህ ልዩነቱ በሠዓሊና በዲዛይነር መካከል ሳይሆን ምልክቱን በሚያስተነትንና ምልክቱን በሚያሠራ መካከል ነው። ለሁለተኛው መከላከያ ደግሞ ልማድ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም የሚለው መልስ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ሌላም ልዩነት አለ። ቅዱሱ በጠርሙስ ላይ በመሣሉ ምእመን ቅር ሊለው ይችላል፤ ቅዱሱ ግን እንጀራውን አያጣም። ባለ ጠላዋ ግን በሕይወት አለች፤ ነገም ትሸጣለች፤ የተወሰደውም የዕለት ጉርሷ ማስታወቂያ ነው። አንዱ የአክብሮት ጥያቄ ነው፤ ሌላው የፍትሕ።

የአክብሮት ጥያቄ ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በምያንማር በያንጎን ከተማ አንድ ባር የሙዚቃ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደረገ ቡድሃን ለማስታወቂያ በማሠራጨቱ ሦስት ኃላፊዎቹ ተይዘው በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደባቸው። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የማይመጣጠን መሆኑን ብዙዎች ተናግረዋል። ከዚህ ጉዳይ የሚገኘው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ወኅኒ ቤት የሥነ ምግባር ሚዛን ሊሆን አይችልም። ሕግ ሲቀጣ ብቻ የሚጠነቀቅ ዲዛይነር ተከላካይ ያለውን ምልክት ይፈራል፤ ተከላካይ የሌለውን ግን እንደ ልቡ ያደርገዋል። ባለ ጠላዋ ደግሞ ጠበቃም ጉልበትም የላትም። የኅሊና ፈተና በትክክል የሚጀምረው ማንም በማይከስበት ቦታ ነው።

መፍትሔው ጭብጥን መከልከል አይደለም። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1903 በቪየና የተቋቋመው የቪየና ወርክሾፕ አብነት ይሆናል። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1907 የተከፈተውን ፍሌደርማውስ የተባለውን የመጠጥና የትርኢት ቤት በዮሴፍ ሆፍማን መሪነት ከግድግዳው ሸክላ እስከ ፖስታ ካርዱ በአንድ መንፈስ ነድፎታል። ከዚያ ውበት ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ግን ሌላ ሥርዓት ነበር፤ በማኅበሩ ዕቃዎች ላይ ከንድፉ ባለቤት ምልክት ጎን ዕቃውን በእጁ የሠራው ሠራተኛ ምልክትም ይታተም ነበር። አሳቢው ብቻውን አልተመሰገነም። የጠላ ቤቱ ባርም በዚህ መንገድ ሊታነጽ ይችላል። ጣሳው በበሩ ላይ ከወጣ በውስጡ በእውነት ጠላ ይሸጥ፤ ጠላውም ከሰፈሩ ጠማቂዎች በተገቢ ዋጋ ይገዛ፤ በመጠጥ ዝርዝሩ ላይ የጠማቂዋ ስም እርሷ ከፈቀደች ከመጠጡ ጎን ይጻፍ፤ የግድግዳውም ሥዕል ድህነትን ለሳቅ ሳይሆን ሙያን ለክብር ያሳይ። ይህ ሲሆን ምልክቱ እውነቱን ይናገራል፤ ጭብጡም ማስመሰል መሆኑ ይቀራል።

እዚህ ላይ ኃላፊነቱ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ሳይመለስ አይታለፍም። ተማሪው ወጣት ነው፤ ውጤት ይፈልጋል፤ ገንዘቡም ሐሳቡም የባለቤቱ ነው። ከሁሉ የበለጠው ሸክም ትርፉን በሚወስደው ላይ መሆኑ አያጠያይቅም። ቢሆንም «ታዝዤ ነው» ማለት እጅን አያነጻም፤ ምክንያቱም ባለቤቱ የሌለው ችሎታ በተማሪው እጅ አለ። በተለይም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከከለከለ ወዲህ የባር ስም፣ በርና ታፔላ ቀድሞ ማስታወቂያ ይሠራው የነበረውን ሥራ ተሸክመዋል። የነዳፊው ቃል ከብዷል፤ ኃላፊነቱም ከቃሉ ጋር ይከብዳል። የመምህሩም ድርሻ ቀላል አይደለም። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም ከተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጀምሮ የአገሪቱ ተማሪዎች መስመርን፣ ቀለምንና ሚዛንን ተምረዋል። ከእነዚህ ጋር «ይህ ምልክት የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የውጤት መስጫ ካልሆነ ግን ንጹሕ እጅና ባዶ ኅሊና ያለው ባለሙያ ማፍራት ይቻላል።

በመሆኑም ከማኅበረሰብ ለሚወሰድ ምልክት ሁሉ ሦስት መመዘኛዎች ሊቀመጡ ይገባል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ምልክቱ አለ የሚለው ነገር በቤቱ ውስጥ ይገኛልን? ሁለተኛው ድርሻ ነው፤ ምልክቱን የፈጠሩት ሰዎች ከሚገኘው ጥቅም ይደርሳቸዋልን? ሦስተኛው ክብር ነው፤ ምልክቱ የተወሰደባት ሴት በዚያ በር ገብታ ያለ እፍረት ልትቀመጥና ሥራዋን በሥዕሉ ውስጥ ልታውቀው ትችላለችን? ሦስቱንም ያለፈ ንድፍ ውሰት ነው፤ ውሰትም ምስጋናና መመለስ ስላለው በሰዎች መካከል ዝምድናን ያጠናክራል። ከሦስቱ አንዱን እንኳ ያላለፈ ንድፍ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ይፈርድበታል። የንግድ ሥዕል ባለሙያ የሚያስጌጠው ግድግዳን ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚታይና ማን እንደሚረሳ በየዕለቱ ይወስናል። ሙያው ከሥነ ጥበብ ወገን የሚቆጠረውም ይህን ውሳኔ ዐውቆና ተጠይቆበት ሲወስን ነው።