ያልተሰረዘ ዕዳ፣ ያልተነገረ ምሕረት

ፍትሕና ምሕረት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዴት አብረው ሊያድሩ ይችላሉ የሚለውን ጥያቄ የሚመረምር ሰው መጻሕፍትን ቢያገላብጥ፣ ሊቃውንትንም ቢጠይቅ የተገባ ነው፤ እኔ ግን ይህንኑ ነገር ሮቤርቶ ጎሜዝ ቦላኞስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ በጀመረው፣ በላቲን አሜሪካም ሁሉ በተዳረሰው «ኤል ቻቮ ዴል ኦቾ» በተባለው ተከታታይ አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። የድራማው ስፍራ ችግረኞች ተከራዮች ተጎራብተው የሚኖሩበት አንድ ግቢ ነው፤ ከእነርሱም መካከል ሚስቱ የሞተችበትና ቋሚ ሥራ የሌለው ዶን ራሞን የ14 ወር ኪራይ ዕዳ አለበት። የቤቱ ባለቤት ሴኞር ባሪጋ ኪራዩን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር፣ ገና እግሩ ደጃፉን ሲረግጥ፣ ወላጅ የሌለው ልጅ ቻቮ ሳያስበው የወረወረው ኳስ ወይም ሌላ ዕቃ ይመታዋል፤ እርሱም እያጉረመረመ ተነሥቶ የዶን ራሞንን በር ያንኳኳል።

ዓመታት ሲፈራረቁ ዕዳው ያው 14 ወር ሆኖ መኖሩ እጅግ ያስደንቀኛል። ደራሲው ለሣቅ ብሎ ያደረገው ቢሆንም፣ ነገሩ ከሣቅ የሚያልፍ ትርጓሜ አለው፤ የማያድግና የማያንስ ዕዳ በባለገንዘብ መዝገብ ሊጻፍ አይችልም፣ በባለገንዘብ ልብ ግን ሊኖር ይችላልና፤ ይህ ሰው የሚያልፈውን ወር በልቡ እየተወ የቀረውን በአንደበቱ ይጠይቃል ማለት ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ስለ ኢዮቤልዩ ሲደነግግ፣ ርስቱን የሸጠ ድኃ በ50ኛው ዓመት ወደ ርስቱ እንዲመለስ ያዝዛል፤ ቅጥር በሌላቸው መንደሮች ያሉትን ቤቶችም ከእርሻው ጋር ቈጥሮ ይህንኑ ይፈቅድላቸዋል፤ ቅጥር ባለው ከተማ ያለ ቤት ግን፣ የሌዋውያን ቤት ካልሆነ በቀር፣ በተሸጠ በአንድ ዓመት ውስጥ ሳይዋጅ ቢቀር ለገዢው ይጸናል እንጂ በኢዮቤልዩ አይመለስም። ለገበሬው እንዲህ የተጠነቀቀው ሕግ ከከተማ ቅጥር ሲደርስ ስለ ምን ቆመ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ እርሻ ለትውልድ ሁሉ የእንጀራ ምንጭ ስለ ሆነ ሕግ ጠበቀው፤ የከተማው ቤት ግን ሰውና ሰው ለሚዋዋሉት ውል ተተወ፤ ስለዚህም ለከተማ ድኃ የሚደረገው ርኅራኄ በባለቤቱ ሕሊና ላይ ወደቀ። ሴኞር ባሪጋ የቆመው ሕግ ዝም ባለበት በዚህ ስፍራ ነው።

እንግዲህ ሳይነገር የሚደረግ ምሕረት ፍጹም ምሕረት ነውን? ዶን ራሞን ዕዳ አለብኝ እስካለ ድረስ፣ አንድ ቀን ይከፍላል ተብሎ የሚታመን ሰው ነው፤ ዕዳው በግቢው መካከል፣ አዘውትራ የምትንቀው ጎረቤቱ ዶኛ ፍሎሪንዳ እየሰማች ቢሰረዝለት ግን በዚያው ቅጽበት ተመጽዋች በሆነ ነበር። ደግሞም በማቴዎስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ የተነገረለት ባሪያ ዐሥር ሺሕ መክሊት ፊት ለፊት ቢተውለትም፣ ወጥቶ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን እንዳነቀ ስናስብ፣ በአዋጅ የተሰጠ ምሕረት ሁሉ ተቀባዩን እንደማያለዝበው እንረዳለን። በዚህ መንገድ ሲታይ ኪራዩን መጠየቁ ራሱ ለተከራዩ የተሰጠ ክብር ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ልቤ አይረካም። ባለቤቱ ሲያንኳኳ ዶን ራሞን ይሸሸጋል፤ ትንሺቱ ልጁ ቺሊንድሪና በሩን ከፍታ፣ አባቷ ከኋላ የነገራትን ቃል ይዛ፣ አባቴ የለም ትላለች። የአባትየውን ክብር የጠበቀው ዝምታ የልጅቱን አንደበት ሐሰት አስለመደ፤ ምሕረት ያገኘ ሰው ምሕረት እንዳገኘ ካላወቀ ከባለዕዳ ፍርሃት አይወጣምና፣ ፍርሃቱንም ለቤተ ሰቡ ያወርሳል።

በ1977 እ.ኤ.አ. በታዩት የአካፑልኮ ክፍሎች ሴኞር ባሪጋ እንደ ልማዱ ኪራይ ሊሰበስብ ሲመጣ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ ሄደው ቻቮ በባዶው ግቢ ብቻውን ቀርቶ ያገኘዋል። በየጊዜው ከደጃፉ ላይ የሚመታውን ይህን ልጅ ራሱ ይዞት ወደ አካፑልኮ ይወስደዋል፤ ይህንም ሲያደርግ አይሸሽግም፣ ልጁም ሲቀበል አያፍርም፤ በመካከላቸው የተመዘገበ ነገር የለምና። ለሕፃኑ እንዲህ በግልጥ መናገር የቻለ ሰው ለዶን ራሞንም መናገር አያቅተውም ነበር፤ በደጅ ቆሞ ጎረቤት እየሰማ ሳይሆን፣ ወደ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ስንት ወር እንደተወለትና የትኛውን እንደሚጠብቅበት ቢነግረው ኖሮ የሰውየው ክብር አይጐድልም፣ ቺሊንድሪናም በሚቀጥለው ወር በሩን ከፍታ አባቴ አለ፣ ይግቡ ባለች ነበር።